የቆረጥኩት ሰላምታ

ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚህ አሜሪካ፣ ሚልፒታስ ባለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ እፈትሻለሁ። ቅዳሜ ዓይኔ ማረፍ ሲገባው የሙት ሰው ደብዳቤ አርም ነበር። ማን አስገደደህ ብትሉኝ ምላሴ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የማተሚያ ቤት አራሚ እንደነበርኩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አፌ አምልጦኝ አወራሁ፤ ኦክላንድ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ ሰሙኝ፤ አለቀ።

ሟች ባለቤታቸው ገጣሚ ነበር (ገጣሚን አንቱ ማለት አይሆንልኝም)። የፍቅር ግጥም ብቻ ጽፎ፣ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳትሞ፣ የሚያነብለት ሲያጣ እዚህ መጥቶ ፓርኪንግ ሲጠብቅ ኖሮ ሞተ። እሱ ቀድሞ መጥቶ እሳቸው አዲስ አበባ በቀሩባቸው አራት ዓመታት የጻፈላቸውን ደብዳቤዎች ነው ማሳተም የፈለጉት።

ደብዳቤዎቹ እንደ ወጋችን ሁሉም በሰላምታ ይጀምራሉ። እንደምን አለሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ጎረቤቱን ሁሉ በያሉበት፤ ግማሽ ገጽ ይፈጃል። ደክሞኝ ነበር። ይህ ለአንባቢ ምን ያደርግለታል ብዬ ከሁሉም ላይ ቆረጥኩት። በሥራዬም ኮራሁ።

ከምኖርበት ከሳን ሆዜ ተነሥቼ ቤታቸው ሄጄ ሳነብላቸው ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ አስቆሙኝ።

«ሰላምታውስ?»

«ተደጋጋሚ ነው ብዬ አወጣሁት፣ እትዬ።»

«ዲሊት አደረግከው? እኔ እኮ የምፈልገው እሱን ነው!»

ከዚያ ነገሩኝ። እሱ አሜሪካ በገባ በሁለተኛው ዓመት እናቱ አረፉ። መርዶ ደግሞ በደብዳቤ አይነገርም፤ ሰው ባዕድ አገር፣ አጠገቡ ዘመድ በሌለበት፣ ብቻውን እንዲሰማ አይደረግም። ስለዚህ ወይዘሮዋ «እናትህ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል» እያሉ ጻፉለት። እዚህ መጥተው፣ ሽማግሌ ሰብስበው ሊያረዱት ሲሉ፣ «ሰምቻለሁ» ብሎ ወሬውን ዘጋው። መቼ እንደሰማ ሳይናገር ሞተ።

«ያኔ ሰላምታውን እኔም እዘለው ነበር» አሉኝ። «ልጅ ነበርኩ፣ የምቸኩለው ለፍቅሩ ቃል ነው። አሁን ደግሞ ዓይኔ እምቢ አለ። ‹የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ› የሚለውን እስከ መቼ ድረስ ነው የጻፈው? እሱን ብቻ እይልኝ፣ ልጄ።»

አፈርኩ። የሰው ስሕተት እየፈለግሁ የማድር ሰው ነኝ፤ ይህን ግን አላየሁም። ዋናዎቹን ደብዳቤዎች ከካርቶን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ በየወሩ ደረደርኳቸው።

«ያረፉት መቼ ነበር?»

«ጥቅምት መጀመሪያ።»

የመስከረሙ ላይ አለ። የጥቅምት ደብዳቤ የለም፤ የኅዳሩን ገለጥኩ። እንደምን አለሽ አለ፣ ጎረቤቱም አለ፤ እናቱ ግን የሉም። የታኅሣሡም ላይ የሉም። እስከ መጨረሻው ደብዳቤ የሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሰላም ብለውሃል» እየተባለ የተጻፈው ለሚያውቅ ሰው ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ልዋሻቸው ፈልጌ ነበር። የቀረው መጨረሻ ላይ ነው ብላቸው ማን ያውቅብኛል? ግን እጄን ይዘው ይጠብቁ ነበር፤ አልቻልኩም።

«ከኅዳር ጀምሮ የለም፣ እትዬ። ወዲያው ነው የሰማው።»

እጄን ለቀቁ።

«እኔ እኮ የደበቅኩት ብቻውን እንዳያለቅስ ነበር» አሉ።