ዝም ማለት የከበዳት መምህር

ቤተሰቡ «ሬዲዮ» ይላታል። መድኃኒት ቤት ስትሠራ ደንበኛው ሕመሙን ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ መልሱን ትጀምር ነበር። ልጆቿ ካደጉላት በኋላ ግን የልጅነት ምኞቷ፣ መምህርነት፣ አላስቀምጥ አላት። የማስተማር ፈቃድ ለማግኘት በትምህርት ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪዋን ጀመረች፤ ከልጆቿ እኩዮች ጎን ተቀምጣ ተማረች።

ንድፈ ሐሳቡን እንደ ውሃ ጠጣችው። ያስቸገራት የማስተማር ልምምዱ ነው። የሚከታተሏት አንጋፋ መምህር ከክፍሉ ጥግ ተቀምጠው ካዩዋት በኋላ፣ «እህቴ፣ ራስሽ ትጠይቂያለሽ፣ ራስሽ ትመልሻለሽ፤ ተማሪዎቹ ታዲያ ምን ይሥሩ?» አሏት።

በማግስቱ፣ «ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችና ምላሷን ነክሳ ቆመች። ክፍሉ ጭር አለ። መልሱ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ቆይቶ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ይጠፋል» አለች፤ ሌላው ተማሪ «አይደለም!» አላት፤ ወዲያው ክፍሉ በክርክር ደመቀ። አንጋፋው መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

ማታ እራት ላይ የአውቶቡስ ሾፌር ባሏን፣ «ውሎህ እንዴት ነበር?» አለችውና ዝም አለች።

ማንኪያውን አስቀመጠ። «አመመሽ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፤ እየሰማሁህ ነው።»

ትንሽ አመነታና ጀመረ። መስመር እንደቀየሩለት፣ አዲሱ መንገድ በሐይቁ ዳር እንደሚያልፍ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ተሳፋሪው ሁሉ ወሬውን ትቶ ውሃውን እንደሚያይ አጫወታት። እሷም አገጯን በእጇ ደግፋ፣ «ይሄ ሰውዬ ለካ እንዲህ ጨዋታ ያውቃል!» በልቧ እያለች፣ ደስ ብሏት አዳመጠችው።