የምጽዋ አየር በጎርጎራ ውሃ ውስጥ

የሄድነው አራት ሰዎች ነን። የመጀመሪያው ጋሼ ታፈረ ናቸው፤ የደባርቅ ተወላጅ፣ ምጽዋ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት በባሕር ኃይል ጠላቂ ዋናተኛ ሆነው ያገለገሉ። ሁለተኛው የቀበሌያችን ወፍጮ ኃላፊ አቶ ውብነህ። ሦስተኛው ሾፌሩ ደሳለኝ። አራተኛው እኔ፣ ገመድና ሰዓት ያዥ።

ከዳባት ወረድ ብላ ባለችው ቀበሌያችን የወፍጮው ድንጋይ ተሰንጥቆ ነበር። አቶ ውብነህ አዲሱን ከባሕር ዳር በጀልባ አስጫኑ፤ ጀልባዋ ሰኔ ላይ በማዕበል ጎርጎራ አጠገብ ሰጠመች። ሰዎቹ ዋኝተው ወጡ፣ ድንጋዩ ቀረ። ሴቶቹ በእጅ ሲፈጩ ሰባት ወር ሆናቸው። አቶ ውብነህን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሰላምታ ነሷቸው፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ እንኳ ምግብ አቅርበው ዝም ይሏቸዋል።

ዕቅዱን ያወጣነው ደባርቅ፣ ጋሼ ታፈረ ቤት ነው። የቀድሞ ባልደረቦቻቸው አንድ የአየር ሲሊንደር ምጽዋ ሞልተው ላኩላቸው፤ ሊማሊሞን በጭነት መኪና ወጥቶ መጣ። እዚህ መሙያ ስለሌለ ያለን አየር እሱ ብቻ ነው። ማስታወሻዬ ላይ «አርባ ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ «ጠላቂውን ወደ ታች የሚያወርድ ስምንት የእርሳስ ክብደት ወገብ ላይ ይታሰራል» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ። ጨዋማ ውሃ ሰውን የበለጠ እንደሚያንሳፍፍ ከአንድ አሮጌ የፊዚክስ መጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ስምንቱ እርሳስ የምጽዋ ልክ ነው። ግን ባሕር ውስጥ ለኖሩ ሰው ይህን ለመናገር አልደፈርኩም።

ንጋት 12 ሰዓት፣ ደባርቅ

በኤንትሬ መኪና ተነሣን። ሲሊንደሩን ገለባ ላይ አስተኝተን ፀሐይ እንዳያገኘው ጋቢዬን አለበስኩት። ዳባት ላይ አቶ ውብነህ ተሳፈሩ። ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተኝቶ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ይታይ ነበር፤ ደሳለኝ ሳንጠይቀው መኪናውን አቆመልን።

ጎንደር መግቢያ ኬላ ላይ ጠባቂው ጋቢውን ገለጠ።

«ይሄ ብረት ምንድን ነው?»

«አየር ነው» አሉት ጋሼ ታፈረ።

«ሰሜን ውስጥ አየር አልቆ ነው ከምጽዋ የምታስመጡት?»

«የእኛው ይበርዳል፤ ጋሼ የለመዱት የሞቀውን ነው» አለ ደሳለኝ። ጠባቂው ስቆ የይለፍ ወረቀታችንን መለሰ።

ጎንደር ሽሮ በላን፣ ለሰው አንድ ብር። ከአዘዞ በኋላ መንገዱ አጥንት ያላላል። አሥር ሰዓት ላይ ጎርጎራ ገባን፤ የተጠበሰ ዓሣ በስሙኒ አገኘን።

በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ጎርጎራ

ዓሣ አጥማጁ አለሙ ጋሼ ታፈረንና እኔን በታንኳው መረቡ ዘወትር በሰጠመችው ጀልባ ወደሚያዝበት ቦታ ወሰደን። ድንጋይ ያሰርኩበት ገመድ አሥራ አራት ክንድ ወረደ። አቶ ውብነህና ደሳለኝ መጎተቻው ገመድ የታሰረበትን፣ የተዋስነውን ጥማድ በሬ ይዘው ዳር ቆሙ።

ጋሼ ታፈረ ወረዱ። በአሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ጭቃ ለብሰው ብቅ አሉ።

«እርሳሱ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ቀበረኝ። ውሃው ደፈረሰ፣ እጄንም አላየሁ!»

አየሩን ለካን፤ ጭቃው ውስጥ ሲታገሉ ብዙ ስለተነፈሱ ከግማሽ በታች ነው። አቶ ውብነህ ከዳር ሆነው አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ያዩናል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ይህ ውሃ ጨው የለውም፤ እንደ ምጽዋው ሽቅብ አይገፋዎትም። እርሳስ ቢቀንሱ?»

«መቼ ነው ይህን ያወቅኸው?»

«ደባርቅ ሳለን።»

«እና ጭቃ እስክበላ ጠበቅኸኝ!»

«ምላሱ ከድንጋዩ ጋር ሰጥሞ ነበር መሰለኝ» አለ አለሙ። ጋሼ ታፈረ ሳቁና ሦስት እርሳስ ራሳቸው ፈትተው ሰጡኝ።

እንደገና ወረዱ። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ድንጋዩን ማሰራቸውን ሊያሳውቁ ገመዱን ሦስት ጊዜ ሳቡት። ጋቢዬን አውለበለብኩ፣ በሬዎቹ ጎተቱ። ድንጋዩ አረም ተጠምጥሞበት፣ ጭረት ሳይነካው ወጣ። ጋሼ ታፈረ ያን ያህል ለፍተው የሚያወሩት ስለ ጀልባዋ ነበር፤ ወደብ ላይ የታሰረች ይመስል ቀጥ ብላ መቀመጧን፣ ዓሦች በመስኮቷ ሲገቡና ሲወጡ በብዥታ ማየታቸውን። እንደ እሳቸው ያለ ሰው አላየሁም።

መልስ

በሦስተኛው ቀን ቀበሌያችን ገባን። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር። ለታላቅ ሰው ዝም ማለት አክብሮት ይመስለኝ ነበር፤ የእኔ ዝምታ ግን አሥራ ስድስት ደቂቃ አየር ፈጅቷል።

ማስታወሻዬ ላይ አንድ ባዶ መስመር ቀርቷል። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እትዬ ዘውዴ ወደ አቶ ውብነህ ቀርበው አንድ ነገር ተናገሯቸው፤ እሳቸውም ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ገመድ እየፈታሁ ስለነበር አልሰማሁም። እዚያ የነበራችሁ፣ የተባለውን ቃል ንገሩኝና መስመሩን ልሙላው።