አጽድተን የመለስነው ካርድ

ቡራዩ አንድ ቪዲዮ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለቤቱ ጋሽ ግርማ ካሜራ አላስነካኝም። ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ ኤክስፖርት አሳየኝ። ኤክስፖርት ምስሉን መቁረጡና መቀጠሉ ካለቀ በኋላ ሥራውን ሰው በሚያየው አንድ ፋይል ማውጣት ነው። የምስሉን መጠን ወደ ትንሹ፣ ወደ አራት መቶ ሰማንያ ፒክስል፣ አወረደ። ቢትሬቱን፣ ማለትም ለየሰከንዱ የሚመደበውን የመረጃ መጠን፣ ቀነሰ። ምስሉ አይበላሽም ወይ አልኩት። ሰው የሚያየው በስልክ ነው አለኝ።

ሁለተኛው ደንብ ጽዳት ነበር። ደንበኛው ሥራውን ሲረከብ ጥሬው ቀረጻ ከኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ሜሞሪ ካርዱም ባዶ ተደርጎ ይመለስለታል። እንደ መስተንግዶ ይቆጠር ነበር። አንዴ የሰርግ ጥሬ ሳላጠፋ ከረምኩ። ጋሽ ግርማ በሠራተኛው ፊት፣ "ሙሽሮቹ ልጅ ሊወልዱ ነው፤ አንተ ገና ኬካቸውን ታቅፈህ ተቀምጠሃል?" አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሳጠፋ አላመነታሁም።

ከዓመታት በኋላ ሰበታ ላይ የራሴን ቤት ስከፍት ሁለቱንም ደንቦች ይዤ ሄድኩ።

ኦቦ ዲሪባ የፉሪ ገበሬ ናቸው። የልጃቸው የሌንሴ ምርቃት ድግስ በዘመድ ስልክ ተቀርጾ ካርዱን አመጡልኝ። ሌንሴ ሥራ ይዛ ርቃ ስለሄደች በቴሌግራም የሚላክላት ነገር ፈለጉ። ቀረጻው ሙሉ ኤችዲ፣ ጥርት ያለ ነበር፣ በቀን ብርሃን። አንድ ቦታ ላይ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ልጃቸውን በኦሮምኛ ሲመርቁ ፊታቸው ስክሪኑን ይሞላል። ቆራርጬ ቀጠልኩ፣ በለመድኩት መጠን አወጣሁ፣ ላክሁ። ጥሬውን አጠፋሁ፤ ካርዱን አጽድቼ መለስኩ። "ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ተመልሰው መጡ። "አካም ቡልተኒ" ብዬ እንዴት አደሩ ስላቸው መርዶውን ነገሩኝ። አዴ ጫልቱ በትናንትናው ዕለት ተቀብረዋል። ሌንሴ ለቀብሩ አልደረሰችም፤ መንገድ ላይ ናት። እሷ ስትገባ ድንኳኑ ውስጥ የእናቷ ትልቅ ፎቶ እንዲቆም ይፈልጋሉ። ሟቿ ከመታወቂያ ፎቶ ሌላ ተነስተው አያውቁም፤ እሱም በውሃ ርሶ ጠፍቷል።

"አንተ ጋ አለች" አሉኝ።

ፋይሉን ከፈትኩ። በትንሹ ሲታይ ፊታቸው ይለያል። ለድንኳን ሳሰፋው ዓይናቸውም አፋቸውም አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ሆነ። በትልቁ መጠን እንደገና ኤክስፖርት አደረግሁት፤ ፋይሉ ገዘፈ፣ ፊቱ ያው ነው። አንዴ የተጣለ መረጃ ቁጥር በመጨመር አይመለስም። ካርዱን አስመጣሁ፤ የወንድማቸው ልጅ ዘፈን ሞልቶበታል። የጠፋ ፋይል በሚመልስ ፕሮግራም ስፈልግ ዋልኩ። ያገኘሁት የዳስ ጣሪያና የሰው እግር ነው።

ጥሬው እጄ ገብቶ እንደነበረ፣ ያጠፋሁትም እኔው እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

"ማን አጥፋ አለህ?"

ማንም አላለኝም አልኳቸው። የሥራው ልማድ ነው።

ወደ ስክሪኑ ተጠግተው የሰፋውን ፊት አዩት። "ይቺን ለሌንሴ አላቆምላትም። እናቴ አይደለችም ትለኛለች።"

በመዳፍ ልክ አሳተምኩላቸው፤ ምስሉ ከዚያ በላይ አይችልም። በማግስቱ ለቅሶ ስሄድ ድንኳኑ ውስጥ የቆመ ፎቶ አልነበረም። ሌንሴ ደርሳ ትንሿን ፎቶ ይዛ ተቀምጣለች። ወደ ዓይኗ ታቀርባለች፣ ታርቃለች። አባቷ ማን እንደሆንኩ ሲነግሯት ቀና አለች።

"ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ የት ሄደ?"

ጠባሳው መጠኑንና ቢትሬቱን ስቀንስ ከጣልኩት መረጃ ጋር ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሥራ ሁለት ፋይል አወጣለሁ፤ አንዱን ለመላክ፣ አንዱን ለማስቀመጥ። የሚቀመጠው ቀረጻው በመጣበት የምስል መጠን ይወጣል፤ ቢትሬቱም ከጥሬው አይወርድም። የደንበኛ ካርድ አላጸዳም። ጥሬውን የማጠፋው ባለቤቱ ሌላ ቦታ መገልበጡን ራሴ ከፍቼ ካየሁ በኋላ ነው።