የይጁቤ ሙዚየም ሦስት ቁልፎች

እናቴን ይዤ ይጁቤ ድረስ የሄድኩት መሶብ ላሳያት ነው። ይህን ስነግራቸው የማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራን ሳቁብኝ። መሶብ እንደሆነ በየገበያው ሞልቷል፤ እናቴ ግን ማየት የፈለገችው አንዱን ብቻ ነበር። ልጃገረድ ሳለች ከታላቅ እህቷ ከይርገዱ ጋር የሰፋችውን። ሆዱንና እግሩን ይርገዱ ሰፋችው፣ ክዳኑን እናቴ። ቀለም የነከረችው ይርገዱ ናት፤ ቀዩን አለላ እንደ እሷ አድርጎ የሚያወጣ በአገሩ አልነበረም ትላለች እናቴ። ይርገዱ በመጀመሪያ ልጇ ወሊድ ሞተች፤ ልጁም አልተረፈም። ፎቶ የላትም፣ መቃብሯም ምልክት የለውም። በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ የቀረው ያ ስፌት ብቻ ነው።

እናቴ ከይጁቤ ለቅቃ እኔ ዘንድ አዲስ አበባ ስትመጣ መሶቡን ለከተማው ትንሽ ሙዚየም ሰጠችው። በደስታ ነው የሰጠችው። «እኔ ዘንድ ብቻውን ያረጃል፤ እዚያ ሰው ያየዋል» አለች። ከዚያ የዓይን ግፊት ያዛት። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ጠብታ እየጨመርን የምናቆየው ነው ብሎን ነበር፤ በዚህ ዓመት የቀረውም መሸሽ ጀመረ። አሁን የምታየው በቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው፣ ፊት ለፊቷ ያለችውን ጠባብ ቦታ ብቻ ነው።

በዚህ መሀል አቶ ደምሴ ደወሉ። አቶ ደምሴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሙዚየሙን ቤት ለቤት እየዞሩ ዕቃ በመለመን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። በግንቦት የሙዚየም ቀን ሊያከብሩ ነው። ቤተሰብ ከነልጆቹ ይጋበዛል፤ ዕቃ የሰጠ ሁሉ በየዕቃው አጠገብ ቆሞ ታሪኩን ለልጆች ይናገራል። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ «እመጣለሁ» አለች።

እስከ ዓባይ

መናኸሪያ የደረስነው ሌሊት ለቀቅ ሲል ነው። ለደብረ ማርቆስ የሚጭነው አንድ ሚኒባስ ብቻ ነበር፤ የጠየቀው ዋጋ አምና ከከፈልኩት በእጥፍ ይበልጣል። ረዳቱ ፊቴን አይቶ «እህቴ፣ መንገዱ ነው እንጂ እኛ አይደለንም» አለኝ። መንገዱ ምን እንዳደረገ የማይገባው ተሳፋሪ ስላልነበረ ማንም አልተከራከረም።

እናቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ለልጆቹ የምትናገረውን ስትለማመድ ሄደች። «ልጆቼ፣ መሶብ ከታች ነው የሚጀመረው...» ትልና ትረሳዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። የዓባይ ሸለቆ ውስጥ ስንወርድ ሙቀቱ ገባ፣ ሰዎች ነጠላቸውን አወረዱ። «ዓባይ ደረስን?» አለችኝ። ድልድዩ ላይ ነበርን። በዚያ መንገድ ስታልፍ ወንዙን ያላየችበት የመጀመሪያዋ ጊዜ ነው።

ከድልድዩ ወዲያ ኬላ አለ። ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን፣ ቦርሳ ተፈተሸ። እናቴን አስወርደው በፀሐይ አቆሟት። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት።

«ሙዚየም ልጎበኝ» አለችው።

ልጁ ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ የምትቀልድበት መስሎት ይሆናል። መታወቂያዋን መለሰላት።

ሉማሜ

ሉማሜ ላይ ለሻይ ወረድን። ድሮ አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ የሚደረብበት ቦታ ነበር፤ አሁን ከሻይ ቤቶቹ ግማሾቹ ዝግ ናቸው። ክፍት ያገኘናት አንዲት ሴትዮ ዳቦ በሻይ አቀረበችልን። ዳቦው የትናንት ነው፤ ሻዩ ግን ትኩስና ቅርንፉድ የበዛበት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ማሳው ለጤፍ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። እዚህ አገር የሚመጣውን ዓመት ተስፋ የሚያደርግ ገበሬውን ብቻ አየሁ፤ እሱም ሌላ ምርጫ ስለሌለው ነው።

አቶ ደምሴ እዚያ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

«እኅቴ፣ ትንሽ ችግር አለ። የቁልፉ ጉዳይ ነው።»

የቁልፉ ጉዳይ እንዲህ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም፤ ሦስት ሰዎች ሦስት ቁልፍ ይይዛሉ፣ ሦስቱም ካልተገኙ በሩ አይከፈትም። ሙዚየሙ ሲቋቋም ይጁቤዎችም በዚሁ ወግ ሄዱ። አንዱን ቁልፍ አቶ ደምሴ፣ ሁለተኛውን የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሦስተኛውን አቶ አያሌው የተባሉ የአገር ሽማግሌ ያዙ፤ አንዱ ያለ ሁለቱ ላይከፍት ማሉ። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። አምና ጊዜው ሲከፋ ግን ሰጉ። ሌባም ሌላም ቢመጣ ሦስቱም ቁልፍ አንድ ከተማ ውስጥ ከተገኘ በግድ ይቀበሉናል አሉ። መከሩና የአቶ አያሌው ቁልፍ ከይጁቤ እንዲወጣ ወሰኑ። ሽማግሌው ቁልፉን ይዘው ልጃቸው ዘንድ ደብረ ኤልያስ ሄዱ። መስኮቶቹም በጡብ ተደፈኑ።

አሁን በዓሉ ነገ ነው፤ አቶ አያሌው ደግሞ መንገድ ተዘግቶባቸው ከደብረ ኤልያስ መውጣት አልቻሉም።

ለእናቴ ነገርኳት። ሻይዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች። «የሠሩት ደግ ነው። ዕቃ የሚጠበቀው እንደዚህ ነው» አለች። እኔ ግን የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው በልቤ መጥቶ ነበር፤ አፌን ያዝኩ።

ያን ሌሊት ደብረ ማርቆስ አደርን። መብራት አልነበረም። በማለዳ አንድ አይሱዙ ጋቢናውን ለእናቴ ለቀቀላት፣ እኔ ከኋላ ከሲሚንቶ ጋር ተጭኜ ይጁቤ ገባሁ።

ባዶ ወንበሮች

ሙዚየሙ የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። በሩ አናት ላይ «እንኳን ለሙዚየም ቀን በሰላም አደረሳችሁ» የሚል ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ድምፅ ማጉያ ያለቅሳል፣ ሴቶች ልጆቻቸውን አልብሰው አጣጥበው አምጥተዋል። አንዱ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ «ሙሽራ የሌለበት ሰርግ ነው እንግዲህ» እያለ ይስቃል።

አቶ ደምሴ እናቴን ሲያዩ ሮጠው መጥተው ጉልበቷ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ አፈርኩዎት። ከዚያ ሁሉ አገር አምጥቼ በር ላይ አቆምኩዎት።»

«ምነው እቴ! መንገድ የዘጋው አንተ ነህ?» አለቻቸው።

ሰውየው የሚችሉትን አድርገዋል። ከትምህርት ቤት ወንበር አስመጥተው በግቢው ዙሪያ ደርድረዋል። በየወንበሩ ላይ ካርቶን አለ፤ ጋሻ፣ ብራና፣ እንዝርት፣ የጠጅ ዕቃ፣ መሶብ ተብሎ ተጽፎበታል። ዕቃ የሰጠ ቤተሰብ በየባዶ ወንበሩ አጠገብ ቆሞ ያወራል፤ ልጆቹ በሰልፍ ከወንበር ወደ ወንበር እየተመሩ ይጎበኛሉ። ከጉብኝቱ በኋላ የሰሙትን በጭቃ እንዲሠሩ አንድ በርሜል ጭቃ ተቦክቷል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጉብኝት አላየሁም። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

እናቴ መሶብ ከሚለው ወንበር አጠገብ ቆመች። የተለማመደችውን ሁሉ ረሳችው። የተናገረችው ሌላ ነበር።

«እህት ነበረችኝ። ይርገዱ ትባላለች። ቀለም ስትነክር እጇ እስከ ክርኗ ይቀላ ነበር። ሰው ‹ሙሽራይቱ እንሶስላ ሞቀች› እያለ ይቀልድባት ነበር። ሆዱ የእሷ ነው፣ ክዳኑ የኔ ነው። ብታዩት የማን እጅ የት እንደሆነ ትለያላችሁ፤ የእሷ ጠበቅ ያለ ነው፣ የኔ ላላ ይላል። በጣም ትቆጣኝ ነበር።»

አንዲት ልጅ ወንበሩን አየት አድርጋ «እና የታለ?» አለቻት።

«ቤት ውስጥ ነው፣ የኔ እናት። ተቆልፎበታል።»

ከሰዓት በኋላ ጎረምሶች ብረት መቁረጫ ከብየዳ ቤት እናምጣ አሉ። አንድ ጓጉንቸር ለመቁረጥ ደቂቃ አይፈጅም። እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ፤ ጮክ ብዬ ነው የደገፍኳቸው። አቶ ደምሴ መሐላ አለብን ብለው በሩ ፊት ቆሙ። ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ፤ ከሁሉ የራቀ መንገድ የመጣችው እሷ ናትና እሺ ብትል ይቆረጥ ነበር።

«ተዉ» አለች። «ከማሉ በኋላ አይሆንም። ለእኔ ሲባል ሰው ቃሉን አይበላም።»

ተናደድኩባት። እስካሁንም እናደዳለሁ።

በማግስቱ

አቶ አያሌው በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሱ። ከፊሉን በእግር፣ ከፊሉን በተገኘው መኪና መጥተዋል። እግራቸው አብጧል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ቁልፉ በአንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ታስሮ ነበር፤ ሲፈቱት አስተዳዳሪው አገዟቸው። ትናንት ከመጣው ሕዝብ ጥቂቱ ተመልሶ መጥቷል። ሦስቱ ጓጉንቸሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

በሩ ሲገፋ መጀመሪያ የወጣው የሻጋታ ሽታ ነው።

አምና ክረምት ንፋስ ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ ነቅሎ ኖሯል። ከፊት ለፊት አይታይም። ውሃው ክረምቱን ሙሉ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ውሃው ሲሄድ ምስጥ መጣ። መስኮት የለም፣ አየር የለም። አቶ ደምሴ ከውጭ ግድግዳው ላይ የውሃ ምልክት ማየታቸውን ያን ጊዜ ተናገሩ። «አይቼ ነበር። ግን ሦስታችን ሳንገናኝ መክፈት አልቻልንም» አሉ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ብራናዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ጋሻው ሲነሳ ቆዳው ከእንጨቱ ተላቀቀ። እልልታው የት እንደገባ አላውቅም።

እናቴ ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ያለበት ቦታ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የምትይዘውን ነገር በደንብ እንድታይ ብዬ እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኳት።

ክዳኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለነበር ውሃው አልነካውም። አቶ አያሌው አውጥተው ሰጧት። ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ጥቂት በጥቂት እያዞረች አየችው። ቀዩ እንዳለ ነው። ፊቷ በራ፤ የዚያን ያህል ስትደሰት ካየኋት ዓመታት አልፈዋል።

«ይኸ የኔው ነው። ይኸውላችሁ፣ ላላ ያለው የኔ ነው» ብላ ሳቀች። ክዳኑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። «የእሷንስ?»

አቶ አያሌው ወደ በሩ ዞር አሉ። ሆዱና እግሩ ወለሉ ላይ ነበር።

«ምን ትጠብቃላችሁ? የእሷን አምጡልኝ እንጂ።»

አቶ አያሌው ተመልሰው ገቡ፤ በጋቢያቸው ጠርዝ የቻሉትን ሰብስበው አመጡ። ጥቁር ብጥስጣሽ ነበር፣ ከእበት አይለይም። እናቴ አጎንብሳ አየችው፤ ከዚያ ነካችው፤ በጣቶቿ መካከል ፈረሰ። ጠበቅ ያለውን ስፌት የምትፈልግ ይመስለኛል፤ ደጋግማ ዳሰሰችው። በመጨረሻ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

አቶ ደምሴ ቢያንስ ክዳኑን ወደ ቤትዎ ይውሰዱት አሏት።

«ክዳን ብቻውን ምን ሊከድን?» አለችና ክዳኑን መለሰችላቸው።

መልስ

ስንመለስ እንደ አመጣጣችን ሁሉ ተንገላታን፤ ኬላው፣ ፍተሻው፣ ሙቀቱ ያው ነው። እናቴ ዓባይ ደረስን ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። በመስኮቱ አያለሁ፤ የታረሰው ማሳ አሁንም ዝናብ ይጠብቃል። አገሩ ሁሉ በሦስት ቁልፍ የተቆለፈ፣ ቁልፎቹም የማይገናኙ መሰለኝ።

ከጉዞው ምን ተማርሽ ብትሉኝ ደስ የሚል መልስ የለኝም። እነዚያ ሦስት ሰዎች ሌቦች አይደሉም፣ ሰነፎችም አይደሉም። ያላቸውን ሁሉ እንዳይጠፋ ብለው ከራሳቸውም ጭምር ደበቁት፤ ሌባ ሳይመጣ፣ ጥይት ሳይመጣ፣ ሲጠብቁት አለቀ። እንዲህ ካለው ጥፋት ማንን ከስሼ እንደምወጣ አላውቅም። ብረት መቁረጫው ቢመጣም የሚያተርፈው ነገር አልነበረም፤ ይህን አውቄም ንዴቴ አይበርድልኝም።

ቤት እንደገባን ጎረቤታችን እንጀራና ወጥ ይዛ እንኳን በሰላም ገባችሁ ልትል መጣች። መሶቡን ለማየት እንደሄድን ታውቃለች።

«እንዴት ነበር ታዲያ? አዩት?» አለቻት እናቴን።

«አላየሁትም» አለች እናቴ። «ቁልፉን የያዘው ሰውዬ መንገድ ተዘግቶበት በሩ ሳይከፈት መጣን።»

እኔን አላየችም። ጎረቤታችን አዝና ለሚመጣው ዓመት ያድርስዎት አለቻት፤ እናቴም አሜን አለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሲጠይቃት የምትመልሰው ይህንኑ ነው፤ ሲጠይቁኝ እኔም በሩ አልተከፈተም እላለሁ።