ለሁለት ካርድ አንድ ሚኒባስ ሰው

መመረቄን ለአንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሬ አላውቅም። ጓደኞቼ የመጨረሻው ፈተና ውጤት እስኪለጠፍ እንቅልፍ ሲያጡ፣ እኔ ቁጭ ብዬ የገዋኔን ጫፍ አሳጥር ነበር። አጭር ሴት ነኝ፤ እየጎተትኩ መመረቅ አልፈለግኩም። ዩኒቨርሲቲዎች በየአቅጣጫው የሚከፈቱበት ዘመን ስለነበር ተመራቂው ብዙ ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ተሰልፈን መራመድ እንለማመዳለን፤ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤት ወረፋ እንይዛለን። የክፍላችን ሰልፍ መሪ እኔ ነበርኩ። ማንም አልመረጠኝም፤ ከፊት ቆሜ ስጮህ ዝም ብለው ተከተሉኝ።

ለአንድ ተመራቂ የሚሰጠው የጥሪ ካርድ ሁለት ብቻ ነው። ሌላው ልጅ እናትና አባቱን ይጠራበታል፤ እኔ አባቴንና እህቴን። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም፤ እህቴ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። በትምህርት ከእኔ ትበልጥ እንደነበር ያስተማሯት ሁሉ ይናገራሉ። ደብተሯን አስቀምጣ ቤቱን ያዘች። እኔ ከፍ ስል ደግሞ ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ሠራች። ዩኒቨርሲቲ የገባሁትም የቆየሁትም በእሷ ነው።

ያን ዓመት ጠቅልላ ወደ አገራችን መካነ ሰላም ስትመለስ፣ ካመጣችው ጨርቅ ለምረቃዬ ቀሚስ አሰፋች። ስደውልላት ሌላ ወሬ የላትም።

"የምንቀመጠው ከፊት ነው? እናንተ ስትጠሩ ይታያል?"

"አብሽሪ እትዬ፣ ሁሉም ይታያል" እላታለሁ።

እሷ ሳታየው ብትቀር ያ ሁሉ ድካም ለእኔ ከንቱ ነበር።

ካርዶቹን ወደ አገር ቤት በሚሄድ ተማሪ እጅ ላክሁ። ስም የሚጻፍበት ቦታ ክፍት ነው። ለማን ለማን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ማን ይጠፋዋል ብዬ።

አባቴን ግን ጠፋው። እኛ አገር ካርድ ማለት የሰርግ ካርድ ነው። አንድ ካርድ ለአንድ ቤት ነው፤ "ከነቤተሰብዎ" ይላል፤ ባይልም ልጅም ምራትም ተከትሎ ይመጣል። አባቴም በዚሁ ደንብ ሄደ። አንዱን ለራሱ ቤት አደረገው፤ እህቴ የቤቱ ሰው ናትና በዚያው ትገባለች። ሁለተኛውንም ለራሱ ማስቀረት ነውር ሆነበትና የሽማግሌውን ጎረቤታችንን ስም አስጽፎ ሰጣቸው። እኛ ክርስቲያኖች እሳቸው ሙስሊም ቢሆኑም፣ ቤታችን ያለ እሳቸው ዱአ ነገር ጀምሮ አያውቅም። ለእያንዳንዱ ፈተናዬ ዱአ ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው።

የምረቃው ዋዜማ ከልምምድ ስመለስ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ጣራው ላይ በግ ታስሯል። ከውስጥ አባቴ ወረደ፣ እህቴ ወረደች፣ ጎረቤታችን ከነልጆቻቸው ወረዱ፣ መንገድ ላይ ከላላ ከተማ የተሳፈረችው አክስቴ ወረደች፣ ከዚያ ከበሮ የያዙ የሰፈራችን ሴቶች ተከታተሉ። ደጎሎ ላይ ቁርስ ከበሉበት ጀምሮ ሲዘፍኑ እንደመጡ የድምፃቸው መሻከር ይናገራል። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ሁሉንም ስሜ ሳልጨርስ ግን ካርዶቹ ትዝ አሉኝ።

"አባዬ፣ ካርዶቹ የታሉ?"

አንዱን ከኪሱ አወጣ። ሌላውን ጎረቤታችን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ መዘዙ። አንድ ካርድ የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን፣ ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እያሳየሁ ነገርኳቸው። ከበሮዎቹ መሬት ተቀመጡ። አባቴ ካርዱን አገላብጦ አየው።

"እኔ በር ላይ እጠብቅሻለሁ" አለች እህቴ። ቀሚሱን በፌስታል ይዛ ቆማለች። "መቆም እንደሆነ ለምጃለሁ።"

ተናደድኩ። "አንቺ ካልገባሽ እኔም አልገባም" አልኳት። የምሬን ነበር።

ጎረቤታችን ካርዳቸውን ዘረጉላት። "ያዢ የኔ ልጅ። የኔ ዱአ እንደሆነ ካርድ አይጠየቅም፤ ከውጭም ይደርሳል።"

አባቴ እጃቸውን መለሰው። "የለም ጋሼ። እኔ ጠርቼ ያመጣሁትን ሰው ከበር አልመልስም።"

"ታዲያ ልጅቱስ?"

"ልጅቱማ ትገባለች" አለና የራሱን ካርድ ሰጣት።

እህቴ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች። "አባት ደጅ ቆሞ እህት ትገባለች እንዴ?"

"ይሄን ሁሉ ሰው ከቤቱ አስነስቼ፣ እሱን ደጅ ትቼ ወንበር ላይ ብቀመጥ ደስ ይለኛል? ያዢ ብያለሁ።"

ልከራከር አፌን ስከፍት "አንቺ ደግሞ ሂጂና ሰልፍሽን ምሪ" አለኝ። ሰው ማዘዝ ከማን እንደወረስኩ ያን ቀን ገባኝ።

በማግስቱ ገዋናችንን ለብሰን በሰልፍ ወደ ሜዳው ስንሄድ፣ የኔ ሰዎች መንገድ ዳር ሆነው ከበሮውን አነሱት። ጥበቃዎቹ ዝም ማሰኘት አቃታቸው። አባቴ ከጎኔ እኩል እየተራመደ፣ ሙሽራ እንደሚሸኝ እስከ በሩ ሸኘኝ። የሌሎቹ አባቶች ልጆቻቸውን ከሩቅ አንገታቸውን እያሰገጉ ነው ያዩት። በሩ ላይ ግንባሬን ስሞኝ ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

የክብር እንግዳው ስለ ድህነት ቅነሳ ረጅም ንግግር አደረጉ። ፀሐይዋ አናታችንን በሳችው። በመጨረሻ የኛ ፋኩልቲ ተራ ደረሰና "ተመራቂዎች ይነሱ" ተባለ። ተነሳን።

እህቴን ለማየት ወደ ታዳሚው ዞር አልኩ። መፈለግ አላስፈለገኝም። ያ ሁሉ ሕዝብ ተቀምጦ እሷ ብቻዋን ቆማለች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ተከልሎበት ነው መሰለኝ ትከሻዋን ይነካካል፤ ጎረቤታችን ዞር ብለው አንድ ነገር ሲሉት እጁን ሰበሰበ። እሷ ይሄን ሁሉ አላየችም። ቀጥ ብላ፣ እጆቿን ከጎኗ አድርጋ፣ ወደ መድረኩ ብቻ ታያለች። ዲግሪው መሰጠቱ ተነግሮ ተቀመጡ እስክንባል አልተቀመጠችም። ሰው ፊት አልቅሼ የማላውቀው እኔ አለቀስኩ።

ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ደጅ እየተዘፈነ፣ ወደ ጎን ወሰድኳት።

"እትዬ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ አንቺ ለምን ተነሳሽ?"

ምን እንደጠየቅኳት ያልገባት ይመስል አየችኝ።

"ተመራቂዎች ይነሱ አሉ እኮ" አለችኝ።