ለፊኒሺንግ የገዛሁት መዶሻ

የተያዝኩት መዶሻ ገዝቼ ስወጣ ነው፤ መገናኛ፣ ከታክሲዎቹ መቆሚያ ጀርባ ካሉት የግንባታ ዕቃ ሱቆች በአንዱ በር ላይ።

በዚያ ሰሞን ከተማው ታምሶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ እኛ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ወደየቤታችን ተልከናል። እኔም እስኪከፈት ድረስ ከልጅነቴ ሙያውን ወደተማርኩበት ወደ አጎቴ የእንጨት ሥራ ቤት ተመለስኩ። አጎቴ ለፊኒሺንግ፣ ለመጨረሻው የማሳመር ሥራ፣ የሚሆን የራሴ መዶሻ እንዲኖረኝ ስለፈለገ ላከኝ።

ባለሱቁ አንድ ካርቶን ሙሉ መዶሻ አወጣልኝ። አብዛኞቹ እጀታቸው ጎማ የለበሰ ብረት ነው።

“ይሄን ውሰድ። ዕድሜ ልክህን አይሰበርም” አለኝ።

እኔ የፈለግሁት የእንጨት እጀታ ያለውን ነበር። ቀኑን ሙሉ ቀጭን ምስማር ሲመታ የሚውል ሰው ብረቱ ክርኑን ያሳምመዋል፤ እንጨት ግን ንዝረቱን ይውጠዋል። አንድ በአንድ እያነሳሁ እጀታውን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ቀጥ ማለቱን አየሁ። የእንጨቱ መስመሮች መሀል ላይ ሳይቆረጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄዳቸውን ተመለከትኩ። የብረቱን ፊት በአውራ ጣቴ ዳበስኩት፤ ሸካራ ከሆነ ያለቀለት እንጨት ላይ ጠባሳ ይተዋል። በመጨረሻ አናቱን፣ እጀታውን የሚያጠብቀው ሽብልቅ የገባበትን፣ አሸተትኩ። የላላ መዶሻ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው የሚሸጡ አሉ። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ይጠብቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰበሰብና ይላላል።

“ምን ታሸተዋለህ? ወጥ መሰለህ እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ ባለሱቁ።

ደረቅ ነበር። ገዛሁት።

በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቦርሳዬን እንድከፍት አዘዙኝ። መታወቂያዬ ተማሪ ይላል፤ ቦርሳዬ ውስጥ መዶሻ አለ።

“መስታወት መስበሪያ ነው?” አለኝ አንደኛው።

“የእንጨት ሥራ ነው” አልኩ። መኪናው ላይ ጫኑኝ።

የወሰዱኝ የካ፣ ኮረብታው ሥር ወዳለ ጣቢያ ነው። ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጠባብ መጋዘን ነበር። ገብቼ ዓይኔ እስኪለምድ ድረስ ያየሁት አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ነው። ፍርግርግ አላት፤ መስታወት የላትም። በእሷ በኩል ከእንጦጦ የሚወርደው የእግር መንገድና ባሕር ዛፎቹ ይታያሉ።

መስኮቷ ሥር አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ተቀምጠዋል። ከደቡብ መጥተው መገናኛ አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፍተው የኖሩ ሰው ናቸው። የታሰሩት በግርግሩ ቀን ሱቅዎን ለምን ዘጉ ተብለው ነው። ጠያቂ አይገባም፤ ምግብ ብቻ ፖሊሶቹ በር ላይ ይቀበላሉ። ልጃቸው ምሳ አድርሳ ስትመለስ በጓሮ በኩል ወደ መንገዱ ትወጣና ዛፎቹ ሥር ቢጫ ጃንጥላ ይዛ ትቆማለች። አትጣራም፤ እጇን አታነሳም። እሳቸውም ፍርግርጉን ይዘው ይቆማሉ። በዚያች ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ማንም ድምፅ አያሰማም ነበር፣ ሁልጊዜ የሚቀልደው፣ አብሮን የታሰረው የታክሲ ረዳት እንኳ።

አንድ ጠዋት የጣቢያው አዛዥ አስጠራኝ። መዶሻዬ ጠረጴዛው ላይ ነው።

“አናጢ ነኝ ትላለህ። ይሄን ለምን መረጥክ?”

አስረዳሁት። ቀስ ብዬ፣ መምህር ፊት እንደቆመ ተማሪ። ስለ መስመሮቹ፣ ስለ ፊቱ፣ ስለ ክብደቱ ነገርኩት። ሲያዳምጥ ቆየና የቢሮውን በር አሳየኝ። አዲስ በር ነው፤ በዙሪያው የሚመታው ቀጭን ጌጥ እንጨት ግን ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሲሠራ የነበረው ሰውዬ ከግርግሩ ወዲህ አልመጣም።

“ና እስቲ አሳየን።”

የዚያ መዶሻ የመጀመሪያ ምስማር እዚያ በር ላይ ገባ። ማዕዘኖቹን አገጣጠምኩ። የምስማሮቹን አናት በሌላ ምስማር ወደ ውስጥ ቀበርኩ። አዛዡ ጣቱን መገጣጠሚያው ላይ አስኬደ፤ የሚይዘው ነገር አላገኘም።

“እጅህ ይባረክ!” አለ። “ተማሪ ብቻ አይደለህም ለካ።”

ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል። እዚያም ሆኜ ደስ አለኝ።

“አሁን አንዲት ሥራ ቀርታሃለች” አለኝ። “የእናንተን መስኮት በውጭ በኩል በጣውላ ዝጋልኝ። ሰዎቹ መንገዱ ላይ ካሉት ጋር ይጠቋቆማሉ። ከዚያ ወደ ቤትህ። ዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ጀምሯል አሉ፤ እንዳያልፍህ።”

ጣውላዎቹ ግቢው ውስጥ ተከምረዋል። ባሕር ዛፍ ናቸው፤ ገና መሰንጠቃቸው ስለሆነ ሽታቸው እበሩ ድረስ ይመጣል። ምዝገባውን አሰብኩ። እናቴን አሰብኩ። ከዚያ ግን ቢጫዋ ጃንጥላ መጣችብኝ።

“ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልችልም።”

“ምን ጎደለህ? ጣውላ አለ፣ ምስማር አለ፣ መዶሻህ ይኸው።”

“መዶሻው ለዚህ አይደለም።”

በአገጩ ወደ በሩ ጠቆመ። “ለኔ በር ይሆናል፣ ለመስኮት አይሆንም?”

የመዶሻውን ፊት በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁና እጀታውን ወደ እሱ አዙሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አጎቴ ዘንድ መሣሪያ ለሰው የሚሰጠው እንደዚያ ነው። ስለት ወይም ብረት ወደ ሰው አይዞርም።

“ወደ ክፍሉ መልሱት” አለ አዛዡ ፖሊሶቹን።

“ኢንጂነር! ምነው፣ ቤትህን ረሳኸው?” አለኝ ረዳቱ ስገባ። አልፌው ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ከግድግዳው ወዲያ መዶሻ ተሰማ። ድምፁን አወቅሁት፤ የኔው ነው። ለቀጭን ምስማር የተሠራውን በወፍራም ምስማር ላይ ያስጮኹታል። የሚመታው ፖሊስ ሁለት ጊዜ ስቶ ተራገመ። ጣውላ በጣውላ ላይ ሲጨመር ብርሃኑ እያነሰ ሄደ፤ በመጨረሻም ክፍሉ ጨለመ።

ሽማግሌው የሆነውን ከፖሊሶቹ ወሬ ሰምተው ኖሯል። ከጨለማው ውስጥ ተናገሩኝ።

“ልጄ፣ ያው ተዘጋ። አንተ ሠርተኸው ብትወጣ ምን ነበረበት? ትምህርትህን ታጣለህ።”

ይህ ጥያቄ ከአዛዡ ጥያቄ ይልቅ ከበደኝ። ተነስቼ በፍርግርጉ መሀል ጣቴን አስገባሁና ጣውላውን ነካሁት። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ጣውላዎቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ነው የተመቱት። ጣቶቼን አሸተትኩ።

“አባባ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው” አልኩ በሹክሹክታ።

“እና?”

“ሲደርቅ ይሰበሰባል። አንዱ ከሌላው ይሸሻል።”

ያመኑኝ አልመሰለኝም። እኔም ራሴን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ምሳ በመጣ ቁጥር ተነስተው ከጣውላው ፊት ይቆማሉ፤ ምንም አይታያቸውም፤ ግን ይቆማሉ። የምዝገባው ቀን አለፈ። አጎቴ ምግብ ሲያደርስ በፖሊስ በኩል “አይዞህ” ብሎ ላከብኝ፤ ስለ ትምህርቱ ግን ምንም አላለም። ረዳቱ “እንጨቱ ደረቀ፣ ኢንጂነር?” እያለ ያሾፍብኝ ጀመር።

ፀሐዩ ያን ሰሞን ኃይለኛ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጣውላዎቹ ቀጭ፣ ቋ ሲሉ ይሰማኛል። አንድ ቀን ሽማግሌው እንደተለመደው ቆመው ሳለ ትከሻቸው ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር አየሁ። ክፍተቱ እርሳስ እንኳ አያሳልፍም። ዓይናቸውን አስጠግተው ቆዩ።

“መጥታለች?” አለ ረዳቱ። በዚህ ጊዜ አላሾፈም።

“መጥታለች” አሉ። “ከስታለች።” ከዚያ ቦታቸውን ለቀቁልኝ። “ና አናጢው፣ አንተም እይ።”

አየሁ። መንገዱ፣ የባሕር ዛፎቹ ግንድ፣ ትንሽ ቢጫ ነገር።

ያን ጊዜ የገባኝ ሌላ ነው። እኔ ብሠራው ኖሮ ያ ቀዳዳ አይኖርም ነበር። እርጥብ እንጨት እንደሚሰበሰብ ስለማውቅ አንዱን ጠርዝ በሌላው ላይ ደርቤ፣ አሳምሬ፣ “እጅህ ይባረክ” እስክባል ድረስ እዘጋው ነበር።

የተፈታሁት ክረምት ሲገባ ነው። ሽማግሌው ከእኔ በፊት ወጡ። መዶሻዬን ጠየቅሁ፤ “የምን መዶሻ?” አሉኝ።

ዛሬ እንደገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ በማታው ክፍል። ከክፍል ጓደኞቼ በዕድሜ እበልጣለሁ፤ ስማቸውን በመጥራት ፈንታ ሁሉንም “ወንድሜ”፣ “እህቴ” እላለሁ። ቀን ቀን መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ቤቶች ውስጥ ፊኒሺንግ እሠራለሁ። ሥራዬ ክፍተት እንዳይታይ ማድረግ ነው። እወደዋለሁም።

መዶሻ ሲያረጅብኝ መገናኛ እሄዳለሁ። እጀታውን ወደ ዓይኔ አስጠጋለሁ፤ ፊቱን እዳብሳለሁ፤ አናቱን አሸታለሁ። ከዚያ ባለሱቁን ቁራጭ እንጨት እለምነውና ሁለት ጊዜ መትቼ አዳምጣለሁ። አንዳንዱ ደህና ሆኖ ሳለ ድምፁ ያኔ ከጣቢያው ግድግዳ ወዲያ የሰማሁትን ይመስላል።

“ምን ጎደለው?” ይለኛል ባለሱቁ።

“ምንም” እልና እጀታውን ወደ እሱ አዙሬ እመልስለታለሁ።