ሲስተር እታገኝ በፈቃዷ አልተዛወረችም

ዛሬ ጠዋት በአዋላጆች የቴሌግራም ቡድናችን ላይ «ሲስተር እታገኝ ዐርፋለች» የሚል መልእክት አነበብሁ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብሁት። ስም ተሳስተው ይሆናል ብዬ ወንድሟ ዘሪሁን ዘንድ ደወልሁ። «እውነት ነው፣ እትዬ» አለኝ። እውነት መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ማመን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እስከዚህች ሰዓት ድረስ እምቢ ብያለሁ።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። እታገኝ ዕድሜዋን ሙሉ ጉለሌ ውስጥ እናቶችን ስታዋልድ የኖረች ነርስ ናት። ሙያውን ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም «ቲቸር» ማለቷን አልተወችም፤ «መምህርት በይኝ» ስላት «እሺ ቲቸር» ትለኝ ነበር።

ኮሮና በገባ ሰሞን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሰው ሁሉ ቤቱ እንዲቀመጥ ተነገረው። አዋላጅ ግን ቤቷ መቀመጥ አትችልም፤ ምጥ ቀጠሮ አያራዝምም። ሥራ ላይ የነበሩትን ወጣት አዋላጆች ጎረቤት ይሸሻቸው፣ አከራይ «ቤቴን ልቀቁልኝ» ይላቸው ነበር። እታገኝ ያን ጊዜ ቡድኑን ከፈተች፤ እኔንም ሳታስፈቅደኝ አስገባችኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ እዚያ ምን እሠራለሁ?» አልኋት።

«ዊንጌት ቤትዎ ቁጭ ብለው ግድግዳ ከሚያዩ እኛን ያዩናል» አለችኝ።

አንድ ቀን ሰዓዳ የምትባል ወጣት አዋላጅ ከሩቅ ወረዳ የድምፅ መልእክት ላከች። የምታስል እናት አዋልዳ ነበር። በሽታውን ለልጇ እንዳታስተላልፍ ፈርታ፣ ወደ ቤቷ ሳትሄድ በጤና ጣቢያው ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። ታለቅሳለች። እኔም ጓንት እንዴት እንደሚወልቅ፣ ጋዋን የት እንደሚጣል ቁጥር በቁጥር ጻፍሁላት። መልሴ አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

ወዲያው እታገኝ ደወለችልኝ።

«ቲቸር፣ ርክክብ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ታዲያ?»

«ታዲያማ ልጅቱ ራሷን እያስረከበችዎት ነዋ! እርስዎ ደንብ ያነብቡላታል!»

ርክክብ ለሌላ ሙያ ሰው እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ላስረዳ። ተረኛ አዋላጅ ሰዓቷ ሲያበቃ ምጥ ላይ ያለችውን እናት በወረቀት ብቻ አስተላልፋ አትሄድም። ከተተኪዋ ጋር አልጋው አጠገብ ይቆማሉ። ተተኪዋ እናቲቱን በስሟ ጠርታ «ከአሁን በኋላ አብሬሽ ያለሁት እኔ ነኝ» ትላታለች። ያ እስኪሆን ድረስ የምትወጣዋ ጋዋኗን አታወልቅም። ይህን በጥብቅ ያስተማርሁት እኔው ነኝ፤ ግን ለወላዶች ብቻ መስሎኝ ኖሯል።

እታገኝ ለአዋላጆቹም አደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተራዋ የወጣች ሁሉ እንዴት እንደዋለች ለቡድኑ ትናገራለች፤ አንዷም በስሟ ጠርታ ትረከባታለች፤ እስከ ማግሥቱም እየደወለች ትጠይቃታለች። ተረካቢ ያጣች ካለች እታገኝ «ማነው ተረካቢዋ?» እያለች መግቢያ መውጫ ታሳጣናለች። ሰዓዳን የተረከብሁት እኔ ነበርሁ። ዕቃ ቤት በቆየችባቸው ቀናት ሁሉ ደወልሁላት፤ ስለ ልጇ አጫወተችኝ፤ ስለ ጓንት አንዲት ቃል አልተነፈስሁም።

ቆይቶ ልጆቹ በቡድኑ ላይ አንዱን ማስክ እያጠቡ ደጋግመው እንደሚያደርጉ መጻፍ ጀመሩ። እታገኝ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ኀላፊ አስጠርቶ «ስማችንን እያጠፋችሁ ነው፤ ግሩፑን ዝጊው» አላት። እርሷም «እዘጋዋለሁ፤ ብቻ ልጆቹን የሚረከበው ማን እንደሆነ ይንገሩኝና ይፈርምልኝ» አለችው። የሚፈርም አልተገኘም፤ እርሷም አልዘጋችም። በሳምንቱ ከማዋለጃ ክፍል አውጥተው ካርድ ክፍል አስቀመጧት። ያች የወርቅ እጅ የታካሚ ካርድ ስትፈልግ ዋለች። እኔ ተናድጄ ስደውልላት «እዚህ እንኳ ኔትወርኩ ጥሩ ነው ቲቸር» ብላ ሳቀችብኝ። ቡድኑንም በመደርደሪያዎቹ መካከል ቆማ መራችው። ወደ ማዋለጃው ግን አልመለሷትም።

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳይ ልምጣ። ሥርዓተ ቀብሯ ነገ በቁስቋም ማርያም ይፈጸማል። እዚያ የሚነበበውን የሕይወት ታሪኳን ጤና ጣቢያው ጽፎ ለዘሪሁን ልኮለታል። ዘሪሁንም «አማርኛውን ይዩልኝ» ብሎ ከሰዓት በኋላ አመጣልኝ። አየሁት። አማርኛው እንከን አይወጣለትም። «ታዛዥና ትሑት ባለሙያ የነበሩት ሲስተር እታገኝ በራሳቸው ፈቃድ ወደ ካርድ ክፍል ተዛውረው አገልግለዋል» ይላል።

በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝሁት።

ዘሪሁን ደነገጠ። «እትዬ፣ በቀብሯ ቀን ጠብ እንዳይነሣ» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ኀዘንተኛ ነው።

«ጠቡን ያነሣሁት እኔ አይደለሁም፤ ጽፈው የላኩት እነርሱ ናቸው» አልሁት።

ወረቀቱን ተቀብሎ የሰረዝሁትን አነበበ። «ካርድ ክፍል ያስገቧት ሰሞን እኛ ቤት መጥታ አልቅሳለች፤ ለእርስዎ አልነገረችዎትም» አለኝ። ከዚያም ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ፤ «እንግዲያውስ ያንብቡት» አለ።

ይህን የምታነብቡ የጤና ጣቢያው ሰዎች ሆይ፣ ለኀዘናችሁ አክብሮት አለኝ፤ ለዚያ ዐረፍተ ነገር ግን የለኝም። እታገኝ ታዛዥ አልነበረችም። ለእኔ ለመምህርቷ እንኳ ታዛዥ ሆና የጻፍሁትን ደንብ ብታልፈው ኖሮ፣ ሰዓዳ ከዚያ ዕቃ ቤት ወጥታ ሙያዋን ትተወው ነበር፤ ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። የተሰረዘው መሥመር በነበረበት ቦታ የሆነውን ሁሉ ጽፌበታለሁ። ሙት አይናገርም ብላችሁ ከሆነ እኛ ገና አልሞትንም።

እታገኝ ልጄ፣ ያለቀስሽውን ለእኔ አለመንገርሽን ዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ። የቁስቋም ዳገት ለጉልበቴ ከባድ ነው፤ እወጣዋለሁ። ድምፄ አንሷል፤ ማይክሮፎን ቢነፍጉኝ ሰዉ ይጠጋል። ከማዋለጃ ክፍል ለምን እንዳወጡሽ በአስከሬንሽ ፊት ቆሜ አነብባለሁ። አንቺ አሁን ዕረፊ። መካከል ላይ ቢያቋርጡኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።